ዳሌዋ ለተሰበረ እናት ቤትንም ስልክንም ማሰናዳት

እናቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ በተሰበረ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «ወጌሻ ይጠራ» አለ። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አረጋዊ ሰው ወድቆ መቆም ካቃተው፣ በተለይም አንደኛው እግሩ አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ ከመታሸቱ በፊት ራጅ መነሣት አለበት። በስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ መደገፊያ ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እግርን እስከማስቆረጥ ያደርሳል።

ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብቻዋን መኖር ስለማትችል ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ድሬዳዋ አመጣኋት። ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይሂዱ፦ በተሰበረው እግር ላይ ምን ያህል ክብደት መጣል ይፈቀዳል? የቀረው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል።

ቤት ውስጥ ከሁሉ አስቀድመው ምንጣፉን ያንሡ፤ ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ባለው መንገድ ላይም ሌሊቱን የሚበራ አምፖል ያድርጉ። መቀመጫ ሁሉ ቢያንስ ከጉልበት እኩል ከፍ ይበል፤ ዱካና በርጩማ ለጊዜው ይቅሩ። እኛን ያስቸገረን ቡናው ነበር፤ እናቴ ሌላ ሰው ያፈላውን ቡና «ውኃ ነው» ትላለች። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣንላት፣ ከሰሉን በኤሌክትሪክ ምድጃ ተካንላት፣ እሷም ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጣ ማፍላት ጀመረች። ከመድኃኒቱ ይልቅ ያን ቀን ፊቷ በራ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ምርኩዝ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ በታመመው በኩል አስይዘናት ነበር። ቁመቱ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል ከእጅ አንጓ ጋር ይተካከል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ግን የታመመው።

የድሬ ሙቀት ለብቻው መታሰብ አለበት። አረጋውያን ጥማት እምብዛም አይሰማቸውም፤ እናቴ ደግሞ መጸዳጃ ለመሄድ እኛን ላለማስቸገር ብላ ውኃ ትቀንስ እንደነበር ዘግይተን ነው ያወቅነው። ስለዚህ «ጠጥተሻል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በጠርሙስ ለክቶ ማስቀመጥና ማታ የተረፈውን ማየት ይሻላል። የአንድ እግር ባት ቢያብጥና ቢያም ወይም ትንፋሽ በድንገት ቢያጥር የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ስልኩን መጨረሻ ላይ ያምጡት፤ የሚያመው እግር ባለበት ሰዓት አዲስ ነገር አይገባም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እናቴ ባለ ቁልፍ ስልኳን ይዛ ነበር፤ *127# በዚያም ስለሚሠራ መቀየር ግዴታ አይደለም። እኛ የቀየርነው እህቷን በቪዲዮ እንድታይ ነው። ፊደሉን ያተልቁ፣ ቋንቋውን አማርኛ ያድርጉ፣ በየስሙ ላይ ፎቶ ያስገቡ። የደረቀ ጣት ስክሪኑን ቢነካም ስልኩ የማይሰማበት ጊዜ አለ፤ እጅን አርጥቦ ማድረቅ ብቻ ይበቃል፣ ጥፋቱ የእሷ መስሎ እንዳይሰማት ይንገሯት።

እኔ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት የምስጢር ቁጥሯን ራሴ መያዜ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ ገንዘቤ ስንት ቀረ?» ብላ ስትጠይቀኝ ድምፅዋ የለማኝ ድምፅ ነበር። በማግስቱ ቁጥሩን ራሷ ቀየረችው፣ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ልምምዱ በየቀኑ 10 ብር ለእኔ መላክ ሆነ፤ ማንም ደውሎ ቁጥሩን ቢጠይቃት፣ እኔም ብሆን፣ ስልኩን እንድትዘጋ ተስማማን።

አሁን የሐረር ቤቷን ለሚጠብቅላት ጎረቤት ወር በገባ ቁጥር ራሷ ትልካለች። በስክሪኑ ላይ የወጣውን ስም ጮክ ብላ ሳታነብ ግን አትጫንም።