የበረራ ሲሙሌተር ሕንፃችሁ ፀሐይ ላይ ሆኖ ከጠቆረ፦ ሼዲንግ (የብርሃንና የጥላ አጣጣሉ) እንዴት ይስተካከላል?

ፀሐይ ከምሥራቅ ወጥታ የሕንፃችሁ የምሥራቅ ግድግዳ ጨለማ ከሆነ፣ ቴክስቸሩን (ግድግዳው ላይ የተለበጠውን ምስል) አትንኩ። እኔ ነክቼ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ።

ለአንድ አየር ማረፊያ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) እየሠራሁ ነበር። ድካም ለመቀነስ ግማሹን ብቻ ሠራሁና ሌላውን ግማሽ እንደ መስታወት ምስል ገልብጬ ቀዳሁት። ሲሙሌተር ውስጥ ሳስገባው አንዱ ጎን እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል፣ ሌላው ከሰል መስሏል። የጠቆረውን ጎን ፎቶሾፕ ላይ አነጣሁት። አልበቃ ሲለኝ ከራሱ ብርሃን እንዲያወጣ ኢሚሲቭ ጨመርኩበት። ቀን ላይ ደህና መሰለ። ሰዓቱን ወደ ሌሊት ሳዞረው ግን ግማሹ ሃንጋር እንደ ፋኖስ በርቶ ጠበቀኝ።

ያኔ ያልገባኝ ኖርማል የሚባለው ነገር ነው። ኖርማል ማለት ከሞዴሉ ገጽ ላይ ወደ ውጭ የምትወጣ የማትታይ ቀስት ናት። ሲሙሌተሩ ብርሃን የሚያድለው እሷን አይቶ ነው። ቀስቷ ወደ ፀሐይ ካየች ግድግዳው ይበራል፣ ጀርባዋን ከሰጠች ይጨልማል። ቴክስቸር ከላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ ብርሃኑን አያዝም።

1. ሰዓቱን አዟዙሩ

ሲሙሌተሩን ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ አድርጋችሁ ሕንፃውን ዙሩት። ፀሐይ የሚመታው ጎን ጠቁሮ ጀርባው የሚበራ ከሆነ የኖርማል ችግር ነው። ፀሐይ ብትዞርም ባትዞርም ጥላው አንድ ቦታ ከቀረ ደግሞ ጥላው ቴክስቸሩ በተሠራበት ፎቶ ላይ አብሮ የተነሳ ነው። ጎድጓዳ መሆን ያለበት ነገር አብጦ ከታየ ኖርማል ማፑ (ጠፍጣፋ ገጽ ጎድጓዳና እብጠት ያለው እንዲመስል የሚያደርገው ምስል) ተገልብጧል። ይህን ሳትለዩ ወደ ጥገና አትግቡ።

2. የተገለበጡትን ገጾች መልሱ

እኔ የምጠቀመው ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ስለሆነ በእሱ እናገራለሁ። መጀመሪያ ሞዴሉን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤ ተጫኑ፣ ስኬል (የመጠን ልኬት) የሚለውን መርጣችሁ አጽኑ። ይህን አትዝለሉ። ገልብጦ የተቀዳ ነገር ስኬሉ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ብሌንደር ግን ለእናንተ አስተካክሎ ስለሚያሳያችሁ ጤነኛ ይመስላል። ስኬሉ ሲጸና እውነቱ ይወጣል።

ከዚያ ከኦቨርሌይ (በሞዴሉ ላይ ተደራቢ መረጃ ከሚያሳየው) ዝርዝር ውስጥ ፌስ ኦሪየንቴሽንን አብሩ። ሰማያዊ የገጹ ፊት ነው፣ ቀይ ጀርባው። ከውጭ ስታዩት ቀይ ካለ ኤዲት ሞድ (ቅርጹ የሚታረምበት ክፍል) ገብታችሁ ሁሉንም ምረጡና ሺፍትና ኤን ተጫኑ። የተዘጋ ቅርጽ ከሆነ በአብዛኛው ይስተካከላል። እንደ አጥር ያለ ነጠላ ገጽ ላይ ግን ብሌንደር ውጭና ውስጡን የሚለይበት ነገር ስለሌለው ይገምታል፣ ይስታልም። እነዚያን እየመረጣችሁ በአልትና ኤን ራሳችሁ ገልብጡ።

«ገጹን ከሁለቱም በኩል የሚያሳየውን ደብል ሳይድድ የሚለውን ምልክት ባደርግስ?» የሚል አይጠፋም። ለሰንደቅ ዓላማና ለቅጠል ይሁን። ለግድግዳ ግን በሽታውን መደበቅ ነው።

3. ሰማያዊ ሆኖም ከጠቆረ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሰማያዊ ነው፣ ስኬሉ ጸንቷል፣ ግድግዳው ግን አሁንም የቆሸሸ ይመስላል፤ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው የሚሄድ ግራጫ ጥላ አለበት። ሞዴሉ ከሌላ ፕሮግራም ወይም ከሌላ ሰው የመጣ ከሆነ ይህ ብርቅ አይደለም።

ምክንያቱ አቅጣጫ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው የገጹ ፊት ወዴት ነው የሚለው ነው፤ ገጹ መታየት አለመታየቱን ይወስናል። ሁለተኛው በየማዕዘኑ ላይ የተቀመጡት ቀስቶች ናቸው፤ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሰማያዊና ቀዩ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከፋይሉ ጋር አብሮ ተቀምጦ ሊመጣ ይችላል። የቀድሞው ሠሪ ሞዴሉን ቆርጦ ቀጥሎ ከሆነ ቀስቶቹ የድሮውን ቅርጽ ይዘው ይቀራሉ።

ለማየት ኤዲት ሞድ ውስጥ ሆናችሁ ከኦቨርሌይ ኖርማልስ የሚለውን ፈልጉ። ሦስት ትንንሽ ምልክቶች አሉ። መካከለኛውን አብሩና ርዝመቱን ጨምሩ። ከየማዕዘኑ ሐምራዊ መስመሮች ይበቅላሉ። ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ እንደ ሚስማር ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ነፋስ እንደመታው ሣር ከተጋደሙ ጥፋተኛውን አገኛችሁት።

መፍትሔው፦ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ያለበትን ታብ ክፈቱ፣ ወደ ጂኦሜትሪ ዳታ ውረዱ፣ ክሊር ከስተም ስፕሊት ኖርማልስ ዳታ የሚለውን ተጫኑ። አለቀ። ግን ቀድማችሁ ኮፒ አስቀምጡ፤ ሰው ሆን ብሎ በእጁ ያስተካከለው ኖርማልም አብሮ ይጠፋል።

4. ማለስለሻው

አሁን ሕንፃው ወይ የተነፋ ትራስ ወይ የተቆራረጠ ካርቶን ሊመስል ይችላል። ሙሉ በሙሉ ስሙዝ (ለስላሳ) ማድረግ 90 ዲግሪ ጥግን ሳይቀር ያለሰልሳል፣ ትራስ የሚያደርገው እሱ ነው። የሚያስፈልጋችሁ በዲግሪ የተገደበ ማለስለስ ነው። ብሌንደር ከ4.1 ጀምሮ የድሮውን የአውቶ ስሙዝ ሳጥን አንስቶ ስሙዝ ባይ አንግል በሚባል ሞዲፋየር (ሞዴሉን ሳይነካ ከላዩ ለውጥ የሚጨምር መሣሪያ) ተክቶታል። የቆየ ቪዲዮ እያያችሁ ሳጥኑን ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

የተለመደው 30 ዲግሪ ሁልጊዜ አይሠራም። 8 ጎን ያለው የመቆጣጠሪያ ማማ ሠርታችሁ ክብ እንዲመስል ከፈለጋችሁ 360ን ለ8 አካፍሉ፤ በጎኖቹ መካከል 45 ዲግሪ አለ። ስለዚህ 50 አድርጉት። የሕንፃው 90 ዲግሪ ጥጎች ስል ሆነው ይቀራሉ። ምንም ለውጥ ካላያችሁ ማዕዘኖቹ ድርብ ናቸው ማለት ነው፤ ሁሉንም መርጣችሁ ኤም ተጫኑና በርቀት አዋህዷቸው።

5. ኖርማል ማፑ

የቆርቆሮው ሸንተረር ተገልብጦ፣ ብርሃኑ ከታች የሚመጣ ከመሰለ ጥፋቱ የአረንጓዴው ቻናል ነው፤ ምስሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻናሎች የተሠራ ነው። ብሌንደር የኦፕንጂኤልን የኖርማል ማፕ ሥርዓት ይከተላል፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ደግሞ የዳይሬክትኤክስን። ልዩነታቸው አረንጓዴው ቻናል መገልበጡ ብቻ ነው። ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ላይ አረንጓዴውን ቻናል ብቻ መርጣችሁ ኢንቨርት አድርጉ። ሦስቱንም ከገለበጣችሁ ሌላ ጣጣ ነው። ብሌንደር ውስጥ የኖርማል ማፑ ከለር ስፔስ ነን ከለር መሆኑንም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ፎቶው ላይ የተነሳ ጥላን በተመለከተ አቋራጭ የለም። ደመናማ ቀን ላይ የተነሳ ፎቶ ፈልጉ፣ ወይም ተቀምጣችሁ አጥፉት።

6. ኤክስፖርት

ሞዴሉን ከብሌንደር ወደ ሲሙሌተሩ ስታወጡ አፕላይ ሞዲፋየርስ የሚለው ምልክት መደረጉን አረጋግጡ፤ አለዚያ የአራተኛው ደረጃ ልፋት እዚያው ብሌንደር ውስጥ ይቀራል። እኔ ከሕንፃው አጠገብ ነጭ ኩብ አስቀምጬ አብሬ አወጣለሁ። የኩቡና የሕንፃው ብሩህ ጎን በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ገላገለኝ እላለሁ፣ ኩቡን እሰርዛለሁ።

የኔ ሃንጋር የዳነው በሁለተኛው ደረጃ ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያነጣሁትን ቴክስቸር ግን በኦሪጂናሉ ላይ ሴቭ አድርጌበት ስለነበር፣ የዚያን ጎን ቴክስቸር ከዜሮ ጀምሬ እንደገና ሠራሁት።