«ፓምፑ ሞቷል» ከመባሉ በፊት፦ የትንሽ ትራክተር ሃይድሮሊክ ተቀጽላዎች ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ተቀጽላ (ማረሻ፣ ተጎታችና የመሳሰለው) ተገጥሞ አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚፈረድበት የሃይድሮሊኩን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። የዘይቱን መጠን፣ ማጣሪያውንና የፒኖቹን መቆለፊያ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ተቀጽላው የሚታሰርበት የትራክተሩ የኋላ ክንድ ተነስቶ አልወርድ ካለ ከመቀመጫው ሥር ያለችውን የመውረጃ ፍጥነት መቆጣጠሪያ እዩ። ብዙ ጊዜ ተዘግታ ነው። ክፈቷት፣ አለቀ።

ተቀጽላው ክንዱ ላይ ከተንቀጫቀጨ ፒኑ አልተስማማም። የፒን መጠን በደረጃ (ካቴጎሪ) ይለያል፤ ትንሽ ትራክተር ባብዛኛው ካቴጎሪ 1 ነው። የታችኛው ፒን 22፣ የላይኛው 19 ሚሊሜትር ነው። የካቴጎሪ 2 ደግሞ 28 እና 25 ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ ፒኑ ከቀጠነ ቡሽንግ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) አስገቡ። ሽቦ መጠምጠም መፍትሄ አይደለም።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ክረምቱን ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ የከረመ ትራክተር ላይ ይታያል። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች የካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ነው፤ ስለዚህ ማርሹም አብሮ ይጎዳል። ዘይቱን ቀይሩ፣ ውሃው የገባበትንም ፈልጉ። ዘይቱ አረፋ ሠርቶ ፓምፑ ከጮኸ ደግሞ በመምጠጫው ቱቦ አየር እየገባ ነው።

አዲስ ቫልቭ (ዘይቱን ወደ ተቀጽላው የሚመራው መቆጣጠሪያ) ተገጥሞ ተቀጽላው ሠራ፤ የኋላ ክንዱ ግን አልነሳም አለ። እዚህ ላይ ገጣሚው ሰነፍ ነው። ዘይቱ ከፓምፕ ወደ ቫልቩ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ክንዱ መቀጠል አለበት። ለዚህ ፓወር ቢዮንድ የሚባል መውጫ ያለው ቫልቭ ያስፈልጋል። ቱቦዎቹም ሦስት ናቸው፦ መግቢያ፣ ወደ ክንዱ የሚቀጥል፣ ወደ ታንከር የሚመለስ። ሁለት ብቻ ካያችሁ ነገሩ ተበላሽቷል። ወደ ታንከር የሚሄደውን መውጫ ከክንዱ ጋር ያገናኙት እንደሆነ ክንዱ ሸክም ሲያነሳ ግፊቱ ወደኋላ ይመለሳል። የቫልቩ አካል ሊሰነጠቅ ይችላል።

የተቀጽላውን ቱቦ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፈጣን ማገናኛ ጠዋት ገብቶ ቀትር ላይ እምቢ ካለ፣ ተቀጽላው ፀሐይ ላይ ውሎ በውስጡ የቀረው ዘይት ተለጥጧል። በመዶሻ አትምቱት! ስንት ማገናኛ እንዲህ ጫፉ ተጨፍልቆ አየሁ። ሞተሩን አጥፉና የቫልቩን ማንሻ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ፤ በትራክተሩ በኩል ያለው ግፊት ይለቃል። በተቀጽላው በኩል ላለው ተቀጽላውን መሬት ላይ አሳርፉ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ከማገናኛው ጀርባ ያለውን ዳዶ በጥቂቱ አላሉ። ማገናኛውን ከመንቀላችሁ በፊት ማንሻውን ማንቀሳቀስ ብትለምዱ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ። ጫፉንም ጥረጉ። የዋልካ ጭቃ ይዞ የገባ ማገናኛ ጭቃውን ቫልቩ ድረስ ያደርሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው። መገጣጠሚያው ያንጠባጥባል። ይጠብቃል፣ ትንሽ ይደርቃል፣ ደግሞ ያንጠባጥባል። ወደ እኔ ከሚመጣው አብዛኛው ይኸው ነው። ምክንያቱ የማያያዣዎቹ የብሎን ጥርስ አለመስማማት ነው፤ ጥርሱ በልኬት ይለያል፦ ቢኤስፒ የእንግሊዝ፣ ኤንፒቲ የአሜሪካ፣ ሜትሪክ በሚሊሜትር የሚለካው ነው። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ትራክተር ባብዛኛው የቢኤስፒ ዘር ጥርስ አለው። የአሜሪካ ተቀጽላ ብዙ ጊዜ ኤንፒቲ ነው። የቻይናው ሜትሪክ ይበዛበታል። ሜትሪኩ ቢያንስ ብዙ ጊዜ አልገባም ብሎ ያስታውቃል። ተንኮለኞቹ ሁለቱ ናቸው። የግማሽ ኢንቹ ቢኤስፒም ኤንፒቲም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው። የሦስት ሩብ ኢንቹም እንዲሁ። የጥርሱ ማዕዘን ግን አንዱ 55፣ ሌላው 60 ዲግሪ ነው። እርስ በርስ ይገባሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ግን አይዘጉም።

ከዚያ ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ማሸጊያ ቴፕ) ይመጣል። ወረታ አካባቢ አንድ ባለ ትራክተር ተገልባጭ ማረሻው ላይ በየጊዜው ቴፕ ይጠመጥም ነበር። ኋላ ማረሻው ግማሽ ዞሮ መቆም ጀመረ። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ፓምፕ አስገዛው። አዲሱ ፓምፕ ተገጠመ፤ ማረሻው ያው ግማሽ ላይ ቆመ። ቫልቩን ስከፍተው ነጭ የቴፕ ቁርጥራጭ ተሰግስጎበታል። ጠረግነው፣ ሠራ። የፓምፑ ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ሌላው ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የጋልቫናይዝ ማያያዣ ገዝቶ አስገጠመ። ጥርሱስ ልክ ነው፤ የቤታችን ቧንቧም ቢኤስፒ ነውና። ግን የቤት ውሃ ግፊት ጥቂት ባር ነው፤ የትራክተሩ ሃይድሮሊክ ብዙ ጊዜ 150 ባርን ያልፋል። ገልባጭ ተጎታቹ ድንጋይ ይዞ እንደተነሳ ማያያዣው ተሰንጥቆ ዘጭ አለ። ሥሩ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን።

መፍትሄው ይህ ነው። የሚገናኙትን ሁለቱንም ጫፎች ይዛችሁ ዕቃ መሸጫ ሂዱ። በጥርስ መለኪያ ማዕዘኑን አስለኩ፤ 14 መቁጠር ብቻውን አይበቃም። በእጅ ስታዞሩት ጥቂት ዙር ገብቶ ድንገት ከጠጠረ አቁሙ፣ በቁልፍ አታስገድዱት። በመካከላቸው ለሃይድሮሊክ የተሠራ የብረት መለወጫ ይግባ። ቀጥ ያለው ቢኤስፒ ዘይት የሚዘጋው በጥርሱ አይደለም፤ ከውስጥ ጎማ ባለው የብረት ቀለበት ነው። ቦንድድ ሲል ብላችሁ ጠይቁ። ቴፕ አይፈልግም። ጫፉ እየሾጠጠ በሚሄደው ላይ ፈሳሽ ማሸጊያ ቀቡ፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሳትነኩ።

የሚያፈስበትን ቦታ በእጃችሁ አትፈልጉ! በካርቶን ፈልጉ። በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። መርፌ የወጋው ያህል ትንሽ ነጥብ ብቻ ይታያል፣ ላያምም ይችላል። ታጥቦ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ያኔውኑ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱና ዘይት በግፊት እንደገባ ንገሩ፤ የቆየ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። በተነሳ ተጎታች ሥርም በወፍራም እንጨት ሳትደግፉ አንዲት ዳዶ አትፍቱ።

ፓምፑ ራሱ የሚደክምበት ጊዜም አለ። ያኔ ዘይቱ ሲሞቅ ክንዱም ሎደሩም (የፊት መጫኛው) አብረው ይዝላሉ። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አስራችሁ ግፊቱን ለኩ።

ቱቦው ክንዱ ሲነሳ ከተወጠረና ማገናኛው ከተነቀለ አጭር ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ክንዱን እስከ መጨረሻው አንሱ፣ አውርዱ፣ ወደ ጎንም ግፉት፤ በረጅሙ ለኩ። ትርፉን ከፒቲኦ ዘንጉ (ከኋላ እየተሽከረከረ ለተቀጽላ ኃይል ከሚሰጠው) አርቃችሁ እሰሩ።