ለውሻ የተራራ ጫማ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሀገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ «ለውሻዬ ጫማ ገዛሁ» ስላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እግር የሚያቃጥለውን የላስ ቬጋስን የሐምሌ ድንጋይ ረግጠው ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም።

ትልቁ ስህተት በግምት መግዛት ነው። ውሻው ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ቁጥር ይበቃዋል ማለት አይደለም። አንዱን የፊት እግሩን ወረቀት ላይ አስረግጡትና ሌላኛውን አንሡለት። ክብደቱ ሲያርፍበት መዳፉ ይዘረጋል፤ ያኔ በግራና በቀኝ ምልክት አድርጋችሁ ስፋቱን ለኩ። ተኝቶ የተለካ መዳፍ ጠባብ ጫማ ያስገዛል። የኋላውንም ለብቻው ለኩ፤ የአብዛኞቹ ውሾች የፊት መዳፍ ከኋላው ይሰፋል። እኔ ይህን ሳላውቅ አራቱንም በአንድ ቁጥር ገዛሁ። የኋላዎቹ ገና የመጀመሪያው አቀበት ላይ ወለቁ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሰፋ ጫማ ሲያስቸግር ማሰሪያውን እስኪበቃው ማጥበቅ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ እግሩም ያብጣል። ማሰሪያው ከመዳፉ በላይ ቀጠን ያለው ቦታ ላይ ይረፍ፤ በውስጥ በኩል ከፍ ብላ ያለችውን ጥፍር ግን አይጫናት። እረፍት ባደረጋችሁ ቁጥር አውልቃችሁ በጣቶቹ መሀል አሸዋና መቅላት ፈልጉ።

የጫማውን ዓይነትም እንስታለን። አላስካ ውስጥ በሚካሄደው ኢዲታሮድ በተባለው፣ ውሾች በበረዶ ላይ ሸርተቴ በሚጎትቱበት ውድድር ለእያንዳንዱ ውሻ 8 ጫማዎች መያዝ ግዴታ ነው። እነዚያ ግን ለበረዶ የተሰፉ ጨርቆች ናቸው፤ ስለታም ድንጋይ ላይ ወዲያው ይቀደዳሉ። ለድንጋይ የሚሆነው የማያንሸራትት፣ በእጅ ሲያጥፉት እሺ የሚል የጎማ ሶል ነው። ድርቅ ያለ ሶል ውሻው በጣቶቹ መሬቱን ቆንጥጦ እንዳይይዝ ያደርገዋል።

አዲስ ጫማ አድርጎለት በቀጥታ ተራራ የሚወጣም አለ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ይልመደው። እግሩን እንደ ሰልፈኛ ወታደር እያነሳ ሲረግጥ መሳቅ ይፈቀዳል።

«ጫማ አለው» ብሎ በጠራራ ፀሐይ መውጣት ግን አያስቅም። ውሻ የሚያልበው በውስጥ እግሩ ሲሆን ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ጫማ ከመቃጠል እንጂ ከሙቀት ሕመም አያድነውም። የአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ ሙቀቱ 100 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ በተራራ መንገዶቿ ውሻ ይዞ መሄድን ከልክላለች። እኛም ሐምሌ ላይ ላስ ቬጋስ አጠገብ ያለውን ድንጋያማውን ሬድ ሮክ ትተን ቀዝቀዝ ወዳለው ቻርልስተን ተራራ እንወጣለን፤ ጫማው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ይከተለናል።