በአፕ ውስጥ ክፍያ ማቀድና መግጠም፦ ተከፍሎ ያልደረሰ እንዳይኖር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃ አፕ ከፍቶ «ሁሉንም ጥያቄ ክፈት» የሚለውን ነካ። ክፍያው አለፈ። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ እስኪዞር ሰውየው ተሰላችቶ አፑን ዘጋው። ማታ ሲከፍተው ጥያቄዎቹ ተከፍተው ያገኛቸዋል ወይስ አሁንም ተቆልፈዋል? በአፕ ውስጥ ክፍያ ማቀድም መገንባትም ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ያርፋል። የመግዣውን በተን ማስቀመጥማ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ለማሳያ ይኸው የመንጃ ፈቃድ አፕ ይሁንልን፦ 50 ጥያቄ በነፃ፣ የቀሩት 600 በክፍያ የሚከፈቱ። መንገዱ በጎግል ፕሌይ ነው፤ አፕል የሚለይበትን ባጭሩ እናነሳለን።

የምትሸጡት ነገር ስልኩ ውስጥ ይቀራል ወይስ ይወጣል?

እዚያው አፕ ውስጥ የሚያገለግል ነገር (የተቆለፈ ጥያቄ፣ የጨዋታ ሳንቲም፣ ማስታወቂያ ማጥፊያ፣ ወርሃዊ ትምህርት) ከፕሌይ ስቶር በሚወርድ አፕ ሲሸጥ በጎግል የክፍያ ሥርዓት ማለፍ አለበት። ከስልኩ ወጥቶ እጅ ላይ የሚደርስ ወይም በአካል የሚሰጥ ነገር ደግሞ በተቃራኒው በጎግል ሥርዓት መሸጥ አይፈቀድም። ከሱሉልታ የሚመጣ ወተት፣ የታክሲ ጥሪ፣ የመኪና መንዳት የመስክ ልምምድ በቴሌብር ወይም በባንክ ካርድ ይከፈላሉ። ሁለቱ አንድ አፕ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፦ ጥያቄዎቹ በፕሌይ፣ የመስክ ልምምዱ ቀጠሮ በቴሌብር።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ወደዚህ ቁጥር 200 ብር ላኩ፣ ጥያቄዎቹ ይከፈታሉ» የሚል ጽሑፍ አፑ ውስጥ ሲያስቀምጥ ነው። የጎግል ግምገማ ላይ ባይያዝ እንኳ ቆይቶ አፑን ሊያስወርድ ይችላል፤ ሲደጋገም አካውንቱም ይዘጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትና ሕግ ያስገደዷቸው የተለዩ አሠራሮች መኖራቸው እውነት ነው። የሚሠሩት ግን ለዚያ አገር ተጠቃሚ እንጂ ለሁሉም አይደለም።

ኮድ ከመጻፍ በፊት ገንዘቡ የሚገባበትን በር እዩ

ጎግል ሦስት የተለያዩ የአገሮች ዝርዝር አለው፦ በአፕ ሠሪነት መመዝገብ የሚቻልበት፣ የሽያጭ ገንዘብ መቀበል የሚቻልበትና ገዢዎች መክፈል የሚችሉበት። አንዱ ላይ መኖር ሌላው ላይ መኖር ማለት አይደለም። ሦስቱንም ከጎግል የእርዳታ ገጽ ላይ ዛሬውኑ ከፍታችሁ የኢትዮጵያን ቦታ አረጋግጡ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራ የዩቲዩብ ቪዲዮ አይበቃም። ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ካልሆናችሁ የሦስት ወር ኮድ ከጻፋችሁ በኋላ ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል፤ ሌላው መንገድ ከታች አለ።

እዚህ ላይ «ዱባይ ባለው የአክስቴ ልጅ ስም ልክፈተው» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አስቡበት። መታወቂያው፣ የባንክ ሒሳቡና የግብር ሰነዱ አንድ ስም መሆን ስላለበት አካውንቱ በሕግ የእሱ ነው፤ ጎግል ማንነት እንደገና አረጋግጡ ባለ ቁጥርም እሱን መጥራት ግድ ይሆናል። አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ በጽሑፍ ተዋዋሉና ግቡ። ውል ከሌለ ዝምድናውም አፑም ይጎዳል።

የጎግል ምዝገባ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ነው፤ የአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር። ከኅዳር 13፣ 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የተከፈተ የግል የጎግል አካውንት ደግሞ አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ (የተጋበዙ ሰዎች ብቻ አፑን በሚሞክሩበት) ላይ ሊቆዩለት ይገባል። 18 ሰው መዝግቡ፤ ስልክ የሚቀይርና ከሙከራው የሚወጣ አይጠፋምና በመሀል ከ12 በታች መውረድ የለበትም። መንጃ ፈቃድ የሚማሩ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ስለ ጥያቄዎቹ ስህተትም ይነግሯችኋል።

ዓይነቱና ዋጋው

ሦስት ዓይነት ሽያጭ አለ፦ አንዴ ተገዝቶ ሁሌ የሚቆይ፣ ተጠቅመውበት የሚያልቅና እንደገና የሚገዛ፣ በየጊዜው ራሱን የሚያድስ። ወርሃዊ ክፍያ ለሻጩ ያጓጓል፤ ለመንጃ ፈቃድ አፕ ግን አይመጥንም። ሰው ፈተናውን አልፎ መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከከተተ በኋላ በሦስተኛው ወር ገንዘብ ሲቆረጥበት የሚያስታውሳችሁ በአንድ ኮከብ ነው። አንዴ የሚገዛውን ምረጡ። ራሱን የሚያድሰው ክፍያ በየወሩ አዲስ ነገር ለሚጨምር አፕ ይሁን።

የጎግል የተለመደው ኮሚሽን በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ድረስ 15%፣ ከዚያ በላይ 30% ነው። በ2 ዶላር የተሸጠ ጥቅል 1.70 ይተርፋችኋል፤ በ30% ቢሆን 1.40 ነበር። 15 በመቶውን ለማግኘት ግን ፕሌይ ኮንሶል ላይ (አፕ ሠሪዎች አፓቸውን የሚያስተዳድሩበት የጎግል ገጽ ነው) የአካውንት ቡድን ፈጥሮ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አፕልም ለአነስተኛ አፕ ሠሪዎች ላለው ፕሮግራም ማመልከቻ አስገቡ ይላል። በአንዳንድ አገሮች ተመኑ እየተለወጠ ስለሆነ በእናንተው ኮንሶል ላይ የተጻፈውን ይዛችሁ አስሉ።

ኮንሶሉ ላይ

በመጀመሪያ የክፍያ ፕሮፋይሉን ሙሉ። ቀጥሎ የጎግል ክፍያ ላይብረሪ (ጎግል ለክፍያ ያዘጋጀው ዝግጁ ኮድ) የተካተተበትን አፕ፣ ገና ምንም ባይሸጥም፣ ወደ ውስጥ ሙከራ ጫኑ፤ ይህ ሳይሆን የምርት መፍጠሪያው ገጽ አያስኬድም። ከዚያ የአንድ ጊዜ ምርት ፍጠሩ።

የምርቱ መለያ በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥር፣ በነጥብና በታች ሰረዝ ብቻ ይጻፋል። አንዴ ከተፈጠረ አይቀየርም፣ ደግሞም ሌላ ምርት ላይ አይውልም። ስለዚህ ዋጋውን መለያው ውስጥ አታስገቡ። «ጥያቄ በ200» ብላችሁ ሰይማችሁ ነገ ዋጋው 350 ሲሆን ስሙ ዕድሜ ልክ ይዋሻል። ለገዢው የሚታየው ርዕስና መግለጫ ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ «600 ተጨማሪ ጥያቄዎች፣ አንዴ ተገዝቶ ሁሌ የሚሠራ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። በመጨረሻ ምርቱን አክቲቭ ማድረግ እንዳይረሳ።

አፑ ምርቱን ጠይቆ ባዶ መልስ ከመጣ ኮዱን ከመነካካት በፊት እነዚህን እዩ፦ የፓኬጁ ስም (የአፑ የማይደገም መለያ) ኮንሶሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ? ምርቱ አክቲቭ ነው? ስልኩ ላይ ያለው ጂሜይል የሞካሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል? ሁሉም ትክክል ከሆነ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፤ አዲስ ምርት ወዲያው ላይታይ ይችላል።

የግዢው ጉዞ

ዋጋውን ኮድ ውስጥ አትጻፉ፤ ከፕሌይ ጠይቃችሁ የመጣውን እንዳለ አሳዩ። ሰው በተኑን ሲነካ የጎግል መክፈያ መስኮት ይከፈታል፤ ከዚያ ከሦስት አንዱ ይመለሳል፦ ተከፍሏል፣ ተሰርዟል፣ በመጠባበቅ ላይ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በመጠባበቅ ላይ ያለ ክፍያ ገንዘብ አይደለም፤ «ክፍያዎ እየተጣራ ነው» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ምንም አትክፈቱ።

ሲከፈል አፑ የግዢ ቶከን ይቀበላል። ይህን ቶከን እንደ ደረሰኝ ቁጥር ቁጠሩት። ወደ ሰርቨራችሁ ላኩት፤ ሰርቨሩ ጎግልን ይጠይቃል፣ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከተጠቃሚው ጋር አያይዞ ይመዘግባል። ሰርቨሩ ግዢዎችን በሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ላይ ቶከኑ የማይደገም መሆን አለበት፤ ኔትወርክ ተቆራርጦ አንዱ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ቢደርስ ሦስት ጊዜ እንዳይሸጥ። ማጣሪያውን ስልኩ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት የተከፈተ ኮፒ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ታገኙታላችሁ።

ከምዝገባ በኋላ ርክክብ ይቀራል። ጎግል «ዕቃውን ለገዢው አስረክቤያለሁ» የሚል ማረጋገጫ በ3 ቀን ውስጥ ካልደረሰው ገንዘቡን ለገዢው በራሱ ይመልሳል። «ሽያጭ ነበር፣ ግን በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተመለሰ» የሚለው ስሞታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ አጣሩ፣ መዝግቡ፣ ጥያቄዎቹን ክፈቱ፣ ከዚያ ርክክቡን አሳውቁ። ለሚያልቅ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለሳንቲም፣ የምትልኩት መልእክት ሌላ ነው፤ «ተጠቅሞበታል» የሚለውን ካልላካችሁ ገዢው ሁለተኛ ሊገዛ ሲል ፕሌይ «ይህ አለዎት» ብሎ ይመልሰዋል። ለቋሚ ጥቅል ደግሞ ይህን መልእክት በስህተት ከላካችሁ ግዢው ከስሙ ይፋቃል።

አሁን ወደ ኮዬ ፈጬው ሰው እንመለስ። እሱን የሚያድነው አንድ ልማድ ነው፦ አፑ በተከፈተ ቁጥርና ከጀርባ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር «ይህ ሰው ያለው ግዢ የትኛው ነው?» ብሎ ፕሌይን መጠየቅ፣ ርክክብ ያልተደረገበት ካለ ከላይ ያለውን ጉዞ ካቆመበት መቀጠል። የግዢውን ዜና ከመክፈያው መስኮት ብቻ የሚጠብቅ አፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ሙከራው

ኮንሶሉ ላይ የፈቃድ ሞካሪ ብላችሁ የመዘገባችሁት ጂሜይል እውነተኛ ገንዘብ አይከፍልም። የሙከራ ካርዶች ይቀርቡለታል፦ ሁሌ የሚያልፍ፣ ሁሌ የሚከለከል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚያልፍ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚከለከል። አራቱንም ሞክሩ፤ ችግር የሚወጣው ከዘገምተኞቹ ነው። የሙከራ ወርሃዊ ክፍያ በየ5 ደቂቃው ራሱን ያድሳል፣ ስለዚህ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይጠጣ የበርካታ ወራት ዕድሳት ታያላችሁ። የርክክቡ 3 ቀንም ለሞካሪ ወደ ጥቂት ደቂቃ ያጥራል።

ከዚያ መብራቱን እናንተው አጥፉት፦

1. ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚያልፈውን ካርድ መርጣችሁ ግዙና ወዲያው የአውሮፕላን ሞድ አብሩ።
2. አፑን ከጀርባም ጠራርጋችሁ ዝጉ።
3. ካርዱ እስኪያልፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆይታችሁ፣ ያጠረው የርክክብ ጊዜ ሳያልቅ፣ ዳታ አብሩና አፑን ክፈቱ።
4. ምንም ሳትነኩ ጥያቄዎቹ መከፈት አለባቸው። «እንደገና ግዛ» የሚል ነገር ከታየ ለሕዝብ አታውጡት።

ይህኑ ደካማ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ላይ ድገሙት። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወይም ከለገጣፎ ወጣ ሲባል፣ ጠረጴዛ ላይ የማይታየው ይታያል።

አፕል የሚለይበት

ለሽያጭ አፖች የተዘጋጀው ውል፣ ከባንክና ከግብር ቅጹ ጋር፣ ካልተፈረመ ምርቶቹ አይመጡም፤ ሰው ግን ኮዱን ሲፈትሽ ይውላል። የመጀመሪያው ምርት ከአዲስ የአፕ ስሪት ጋር አብሮ ለግምገማ ይላካል። ቀድሞ የተገዛውን እንደገና የሚከፍት በተን ደግሞ ግዴታ ነው፤ ከሌለ ግምገማው ላይ ይመለሳል።

ፕሌይ ካልሆነላችሁ

አፑን በራሳችሁ ድረ ገጽ ወይም በቴሌግራም ቻናል በኤፒኬ (ያለ ፕሌይ ስቶር ስልክ ላይ በሚጫን የአፕ ፋይል) ካሰራጫችሁ የፕሌይ የክፍያ ደንብ አይመለከታችሁም፤ ቴሌብርን በቀጥታ ወይም እንደ ቻፓ ባለ የክፍያ መግቢያ በኩል መግጠም ትችላላችሁ። ሰርቨራችሁ ለእያንዳንዱ ግዢ የማይደገም ማጣቀሻ ቁጥር ያወጣል፣ መክፈያውን ገጽ ይከፍታል፣ ከክፍያ ድርጅቱ መልእክት ሲመጣ በዚያው ቁጥር ተመልሶ ይጠይቅና ያረጋግጣል፣ ያኔ ይከፍታል። «ክፍያው ተሳክቷል» የሚለው ገጽ ስልኩ ላይ መታየቱ ማስረጃ አይደለም። ስክሪንሾት ማየትማ ፈጽሞ አይሁን፤ የቁጥርና የቀን ማስተካከያ በማንኛውም ስልክ ላይ አለ።

ለዚህ ስሪት የተለየ የፓኬጅ ስም ስጡት። የፕሌዩን ቅጂ የሚፈርመው ጎግል የያዘው ቁልፍ ስለሆነ በራሳችሁ ቁልፍ የተፈረመው ኤፒኬ በላዩ ላይ አይጫንም፤ ተጠቃሚው የሚያየው «አፑ አልተጫነም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሽያጭ ከተጀመረ በኋላ

ስሞታ ሲመጣ መጀመሪያ የትዕዛዙን ቁጥር ጠይቁ፤ ጎግል ለገዢው በላከው ኢሜይል ላይ አለ፣ ኮንሶሉ ላይ ስትፈልጉትም ይገኛል። ገንዘብ የተመለሰባቸውን ግዢዎች ሰርቨሩ በየቀኑ ከጎግል እየጠየቀ ይዝጋ።

ከሁሉ የሚበዛው ስሞታ ግን «ስልክ ቀየርኩ፣ የገዛሁት ጠፋ» የሚለው ነው። ግዢው የተያዘው በጂሜይሉ ላይ ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትለት ስልክ የሸጠው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ማንም አያስታውሰውም፣ አዲስ ስልክ ሲመጣም አዲስ ጂሜይል ይከፈታል። ስለዚህ ከመግዣው በተን በፊት አንድ ገጽ ጨምሩ፦ ስልክ ቁጥር ይጠየቅ፣ በአጭር መልእክት በሚላክ ኮድ ይረጋገጥ፣ ግዢውም ሰርቨሩ ላይ ከዚያ ቁጥር ጋር ይታሰር። ሰው ጂሜይሉን ቢረሳ እንኳ ሲሙን አውጥቶ አዲሱ ስልክ ላይ ያስገባዋል።