የቆመ የድሮ ዲትሮይት ከማስነሳታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ወራት የቆመ ባለ ሁለት ምት ዲትሮይት የናፍጣ ሞተር፣ በተለይ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን የድሮ 6-71፣ ልታስነሱ ከሆነ ይህችን ስሙኝ። መጀመሪያ የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱና የኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) መቆጣጠሪያ ዘንግ በጣታችሁ ገፋ መለስ አድርጉት። ሳይነክስ መሄድና መመለስ አለበት። አንድ ኢንጀክተር ነዳጅ በሚሰጥበት ቦታ ተጣብቆ ከቀረ ሌሎቹንም ይዟቸው ሊቀር ይችላል፤ ሞተሩ እንደተነሳ ይፈረጥጣል፣ ማለትም ፍጥነቱ ከቁጥጥር ውጭ ይጨምራል፣ ያኔ ማጥፊያውን ብትስቡም አይሰማችሁም። የሚያቆመው አየር መከልከል ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎወሩ (አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋው) አፍ ላይ ያለችው የአየር መዝጊያ መሥራቷን እዩ። ካልሠራች የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፍቱና ረዳቱ አፉን የሚሸፍን ጠንካራ ጣውላ ይዞ ይቁም። በእጅ ወይም በጨርቅ እንዳትሞክሩት፣ ስቦ ይውጠዋል!

የሞተር ዘይቱ ነጠላ 40 (ውፍረቱ በአንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈ) ይሁን። ሻጩ «15/40ም ያው ነው» ቢላችሁ እሺ አትበሉት፣ ለዚህ ሞተር ያው አይደለም። እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ዳገት ላይ ነዳጅ መርገጥ ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት አይሰጣችሁም፣ ቶሎ ማርሽ ቀንሱ። ደግሞ ከብሎኩ ጎን ዘይት የምታንጠባጥበውን ቀጭን ቱቦ አፈሰሰች ብላችሁ እንዳትደፍኗት፣ ሥራዋ ነው።