ለፒክአፕ አዲስ የአየር መሳቢያ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ፣ ከገጠሙም በኋላ ይፈትሹ

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 የወጣው ፎርድ ኤፍ-150 ራፕተር 6.2 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያለው ሲሆን 411 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህ ሞተር በደቂቃ 5,500 ዙር ሲሽከረከር በደቂቃ ወደ 17,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል፤ ይኸውም በየሰከንዱ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ ጠጥቶ ሌላውን ከማጋመስ አይተናነስም። ይህን ያህል አየር በአንድ የፕላስቲክ ሳጥንና በአንድ ፊልትሮ በኩል እንደሚያልፍ የተረዳ ባለቤት መተላለፊያውን ለማስፋት መመኘቱ አያስገርምም። እኔም ተመኝቼ አዲስ የአየር መሳቢያ፣ ማለትም ፊልትሮውንና አየሩን እስከ ሞተሩ የሚያደርሰውን ቧንቧ፣ ገዝቻለሁ፤ የገዛሁት ግን ሳልለካ ስለነበር የመጀመሪያው ምርጫዬ ጉልበት ሳይጨምርልኝ ድምፅ ብቻ ጨመረልኝ።

መጀመሪያ የሚለካው አየሩ በፊልትሮውና በሳጥኑ ምን ያህል እንደሚታነቅ ነው፤ መለኪያውም ርካሽ ነው። ከአየር ቧንቧው ወደ ሞተሩ ክዳን የሚሄደውን የመተንፈሻ ቱቦ ለጊዜው በተራ የጎማ ቱቦ ተክተው መሐሉ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገናኛ ያስገቡ። ከመገናኛው ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ጋቢና ያምጡና ጫፉን እንደ ዩ ፊደል አጥፈው ግማሹን ውኃ ይሙሉት፤ የዩው ክንዶች ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍታ ይኑራቸው። ፍጥነት በማይከለከልበት ስፍራ አንድ ሰው ቱቦውን ይዞ እያየ እርስዎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው የውኃ ከፍታ ልዩነት ፊልትሮውና ሳጥኑ የሚያስከትሉትን መታነቅ ያሳያል። በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የውኃ ዓምድ ስለሚሸከም፣ 25 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ካዩ የሚያጡት ከጠቅላላው 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ በ411 የፈረስ ጉልበት ሲሰላ 10 ያህል ነው፤ እርሱም አዲሱ መሳቢያ ምንም መታነቅ ባይኖረው የሚገኝ ጣሪያ ነው። ልዩነቱ ከዚህም ካነሰ አዲስ ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ ገዝቶ ገንዘብን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል ብዬ በቅንነት እመክራለሁ።

ቀጥሎ የሚለካው ሙቀት ነው፤ በእኔ ግምት ከመታነቁ ይልቅ ብዙ ጉልበት የሚያባክነው ይህ ነው። የመጀመሪያው የገዛሁት መሳቢያ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቧንቧና ከኮፈኑ ሥር ከለላ ሳይኖረው የተቀመጠ ሾጣጣ ፊልትሮ ነበር። በአንድ የሐምሌ ቀን የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሜ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኘው ማንበቢያ ስመለከት፣ የውጪው አየር 34 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ወደ ሞተሩ የሚገባው 61 ዲግሪ ደርሶ ነበር። አየር በሞቀ ቁጥር ይሳሳል፤ በእነዚህ ሁለት ሙቀቶች መካከል ያለው የመሳሳት መጠን 8 በመቶ ነው፤ ይኸውም ከላይ ካሰላነው የመታነቅ ኪሳራ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሙቀቱ ቢወርድም ከቆመበት ሲነሳ የሚስበው ያንኑ የጋለ አየር ነው። ስለዚህ የሚመረጠው አራቱም ጎኑና ክዳኑ የተዘጋ፣ አፉ ደግሞ ፋብሪካው ካዘጋጀው የውጪ አየር መግቢያ ጋር በጎማ የሚገጥም ሳጥን ያለው መሳቢያ ነው። ክዳን የሌለው፣ ኮፈኑ ሲዘጋ ብቻ በጎማ ጠርዙ የሚታፈን ሳጥን ጎማው በደንብ ከነካ ይሠራል፤ ካልነካ ግን ከክፍቱ አይለይም።

አፉ ወደ ታች ወርዶ ከመከላከያው ኋላ የሚጠልቅ መሳቢያ ቀዝቃዛ አየር ቢያገኝም ወንዝና ኩሬ ለሚያቋርጥ መኪና አደገኛ ነው። ውኃ አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውኃ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል፤ ራፕተርን የሚገዛ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአስፋልት ለመውጣት ነው የሚገዛው።

አሁን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ወደሚሻው ነጥብ እንምጣ። በዚህ ሞተር ላይ ከፊልትሮው ቀጥሎ የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለው፤ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ሲያቀዘቅዘው ኮምፒውተሩ ሙቀቱን ለመመለስ ከሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ መጠን ተነስቶ ምን ያህል አየር እንደገባ ያሰላል። ስሌቱ ግን የፋብሪካውን ቧንቧ ስፋት ታሳቢ ያደረገ ነው። ለምሳሌ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ 90 ሚሊ ሜትር የነበረው በአዲሱ 95 ቢሆን መተላለፊያው በ11 በመቶ ይሰፋል፤ አየሩ በሴንሰሩ ፊት በዝግታ ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ ከእውነተኛው ያነሰ አየር ያነባል፣ ያነሰ ቤንዚንም ይሰጣል። በቀስታ ሲነዳ በጭስ ማውጫው ያሉት የኦክስጅን ሴንሰሮች ስሕተቱን ያርማሉ፤ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን የሚያርም ስለማይኖር ሞተሩ ቤንዚን በጎደለው ድብልቅ ሙሉ ጉልበት ይጠየቃል። እንግዲህ የሴንሰሩን መቀመጫ ስፋት በካሊፐር (ስፋትን በትክክል በሚለካው መሣሪያ) ይለኩና ከፋብሪካው ጋር የተስተካከለውን ይግዙ፤ አምራቹ የኮምፒውተር ፕሮግራም መስተካከል አለበት ካለ ያለዚያ ማስተካከያ አይግጠሙት። 5.7 ሊትር ሄሚ ሞተር ያላቸው ራም 1500 መኪኖች ይህ ሴንሰር የሌላቸውና አየሩን ከግፊትና ከሙቀት የሚያሰሉ ስለሆኑ ይህ ችግር እምብዛም አይነካቸውም።

በዘይት የሚርሰው የጥጥ ፊልትሮ እየታጠበ ደጋግሞ ማገልገሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ዘይቱ ከበዛ በሽቦው ላይ ተጋግሮ ንባቡን ያዛባል። በአቧራ መንገድ ለሚነዳ ሰው ደረቁን እመርጣለሁ።

በካሊፎርኒያ የሚኖር አንባቢ ከመግዛቱ በፊት ዕቃው የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ትእዛዝ ቁጥር እንዳለው ያረጋግጥ። ትእዛዙ የእርሱን መኪና ዓመትና ሞተር በስም መጥቀስ አለበት፤ አብሮ የሚመጣውን ተለጣፊም በኮፈኑ ሥር በሚታይ ቦታ ይለጥፈው፣ የጭስ ምርመራ የሚያደርገው ባለሙያ የሚፈልገው እርሱን ነውና። ዋስትናን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ሻጩ የሌላ አምራች ዕቃ ተገጥሟል በሚል ብቻ ዋስትናን እንዳይከለክል ያግዳል፤ ጉዳቱን ያስከተለው ያ ዕቃ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ወጪው የባለቤቱ ነው። የፋብሪካውን ሳጥን ከነቡሎኑ ማስቀመጥም ለዚህ ይጠቅማል።

ለመግጠም ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የነበረውን አቀማመጥ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱና የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቅቁ። የሴንሰሩን ሶኬት ከመንቀልዎ በፊት ትንሿን መቆለፊያ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ በግድ ከተጎተተ ይሰበራል። ፋሼታዎቹን (ቧንቧውን የሚያጠብቁትን ቀለበቶች) አላልተው ቧንቧውን ካወጡ በኋላ ክፍት የቀረውን የሞተሩን አፍ ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑት፤ እዚያ የወደቀች አንዲት ዳዶ ሞተር ልታስፈታ ትችላለች። የፋብሪካው ሳጥን በጎማዎች ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ የሚይዘው ቡሎን ካለ ከተፈታ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል። ሴንሰሩን ወደ አዲሱ ሲያዛውሩ ሽቦውን በጣት አይንኩ፣ የአየሩን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ቀስት ያስተውሉ፣ የሥሩ ክብ ጎማም አለመጠማዘዙን ይዩ።

አዲሱን ሲገጥሙ ሁሉም ቁራጭ በቦታው እስኪቀመጥ ድረስ አንድም ፋሼታ አያጥብቁ፤ መጀመሪያ የጠበቀው ጫፍ የቀረውን ያጣምመዋል። ሞተር በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ጉልበት ሲያወጣ ይነቃነቃል፤ በቧንቧውና በማይንቀሳቀስ አካል መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። በሳጥኑ ጠርዝ ላይ የልጆች መጫወቻ ሊጥ ቁራጮች አስቀምጠው ኮፈኑን በቀስታ ይዝጉና ይክፈቱ፤ ሊጡ የሳሳበት ስፍራ ኮፈኑ የሚጫንበት፣ ምንም ያልተነካበት ደግሞ ሙቅ አየር የሚገባበት ነው። መተንፈሻ ቱቦውን ከሴንሰሩ በኋላ ወዳለው ቦታው ይመልሱ፣ ጨርቁን ያውጡ፣ ባትሪውን ያገናኙ።

ሞተሩ ሞቆ በሥራ ፈት ዙር (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም በማንበቢያው የነዳጅ እርማቱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሮቹ ንባብ ቤንዚኑን በምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ይመልከቱ። የአጭርና የረጅም ጊዜው እርማት ተደምሮ ከዜሮ በላይም ሆነ በታች ከ5 በመቶ ካላለፈ ደህና ነው፤ 10 አልፎ ከጨመረ፣ ወይም ፒ0171 እና ፒ0174 የተባሉት የቤንዚን ማነስ ኮዶች ከመጡ ምክንያቱን ይፈልጉ። በሥራ ፈት ከፍ ብሎ ዙሩን ሲጨምሩ የሚወርድ እርማት ከሴንሰሩ በኋላ አየር የሚሾልክበት ቦታ እንዳለ ያመለክታል፤ በሁሉም ዙር ያው ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቧንቧው ስፋት ነው፣ ፋሼታ ማጥበቅ አይፈውሰውም።

ከፊልትሮው እስከ ሴንሰሩ ባለው ርቀት የሚሾልከውን ግን ማንበቢያ አያሳይም፤ አየሩ የተለካ ነውና፣ ሆኖም አልተጣራም። ለዚህ የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ፣ ከሴንሰሩ ራቅ ብሎ በሞተሩ በኩል፣ በጣት ጫፍ ስስ የግራሶ ቅባት እቀባለሁ። 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፊሉን በጠጠር መንገድ፣ ከነዳሁ በኋላ ከፍቼ ቅባቱን በነጭ ጨርቅ እጠርገውና በሁለት ጣቶቼ መሐል አሸዋለሁ። ለስላሳ ከሆነ መልሼ እዘጋለሁ፤ አሸዋ ከኮረኮረኝ ግን የፊልትሮው አንገት ላይ ያለችውን ፋሼታ አላልቼ ፊልትሮውን እስከ ጥጉ ገፍቼ እንደገና አጠብቃለሁ፣ ቅባቱንም አዲስ ቀብቼ ያንኑ መንገድ ደግሜ እነዳለሁ።