ጣርማ በር ሞናኮ አይደለም፦ በጠመዝማዛ መንገድ ደርቦ ሲታለፍ የሚሠሩ ስህተቶች

እሑድ ፎርሙላ ዋን ያየ ወጣት ሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ መሪ ሲጨብጥ እጁን ይበላዋል። አይፈረድበትም። የፎርሙላ ዋን መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት የሞናኮ ከተማ መንገድና ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚያሻግረው የጣርማ በር ተራራ መንገድ የሚመሳሰሉበት ነገር ብዙ ነው፤ ሁለቱም ጠባብ ናቸው፣ ሁለቱም ይጠማዘዛሉ፣ ሁለቱም ዋሻ አላቸው፣ ሁለቱም ለተሳሳተ ሰው ትርፍ ቦታ አላስቀመጡም። የሚለያዩት ግን በዋናው ነገር ነው። ሞናኮ ላይ 3.337 ኪሎ ሜትሩን 78 ጊዜ ሲዞሩት ሁሉም የሚሄዱት በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ከፊት ለፊት በቆሎ የጫነ አይሱዙ አይመጣባቸውም።

እንደዚያም ሆኖ መተላለፍ አይሆንላቸውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1992 እዚያው ሞናኮ ላይ ተወዳዳሪው ናይጄል ማንሰል የዓመቱን ፈጣን መኪና ይዞ፣ አዲስ ጎማ ቀይሮ፣ የመጨረሻዎቹን ዙሮች አይርተን ሴና ጅራት ላይ ሆኖ ግራ ቀኝ ቢልም መንገዱ ጠቦት ሩብ ሰከንድ ባልሞላ ልዩነት ሁለተኛ ገባ። እሱ ያልቻለውን በቪትዝ፣ ያውም ፊት ለፊት መኪና በሚመጣበት መንገድ የሚሞክር ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቢያነብ ጥሩ ነው።

ከጅራት ላይ መለጠፍ

ሌሎቹ ስህተቶች የሚወለዱት ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጀማሪው ለማለፍ የቸኮለ ዕለት ከጭነት መኪናው ኋላ ሦስትና አራት ሜትር ላይ ይለጠፋል። ቀረብ ካለ ቶሎ የሚያልፍ ይመስለዋል። እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ የሚታየው ነገር ቢኖር በኋላው ሳንቃ ላይ የተጻፈው ጥቅስ ብቻ ነው። ፊቱን ለማየት የመኪናውን ግማሽ አካል ወደ ግራ ማውጣት ይኖርበታል፤ ይኼ ደግሞ ማየት ሳይሆን ራስን ለሚመጣው መስጠት ነው። የጥቁር ናፍጣ ጭስም መስታወቱን ይሸፍንበታል። ከፊቱ ያለው ድንገት ፍሬን ቢይዝ እግሩ ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪዞር ድረስ ሥሩ ገብቷል።

ከሁሉ የከፋው ግን መንደርደሪያ ማጣቱ ነው። ተለጥፎ የሚሄድ መኪና ፍጥነቱ ከጭነት መኪናው ጋር እኩል ነው፤ መንገዱ ሲከፈትለት ፍጥነት መጨመር የሚጀምረው ግራ መስመር ላይ ከወጣ በኋላ ይሆናል። ሰው የሚሞተው በዚያች መንቀርፈፊያ ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ከ20 እስከ 25 ሜትር ወደኋላ ቅር፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ሁለት ሰከንድ መሆኑ ነው። ከዚያ ርቀት ላይ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በጭነት መኪናው ቀኝ ጎን፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ጎኑ አሻግረህ ታያለህ፤ ከመስመርህ መውጣት አያስፈልግህም። ኩርባው ሊያልቅ ሲል ማርሽ ቀንስ፣ ገና በራስህ መስመር ላይ እያለህ ነዳጅ ስጥ። ርቀቱ ሲጠብ ፍጥነትህ በልጧል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ባዶ መሆኑን ካየህ ትወጣለህ፤ ጥርጥር ካለህ እግርህን ከነዳጁ ታነሣና ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። የጠፋብህ አንድ ጭልፋ ነዳጅ ነው። የሞናኮ ነጂዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የሚያልፉት ከኩርባው ሲወጡ ፍጥነት ይዘው የወጡ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የጭነት መኪናው 10 ሜትር፣ ያንተው 5 ሜትር፣ ከመውጣትህ በፊት ያለው ክፍተት 15፣ ከተመለስክ በኋላ የምትተውለት 15፣ በድምሩ 45 ሜትር ትበልጠዋለህ። እሱ በ40 አንተ በ60 ብትሄዱ ይህን ለመጨረስ 8 ሰከንድ ይፈጃል። በ8 ሰከንድ አንተ 135 ሜትር ትሄዳለህ። ከፊት ለፊት በ60 የሚመጣውም እንዲሁ 135 ሜትር ይመጣል። ሲደመር 270 ነው፤ መተንፈሻ ስትጨምርበት ንጹሕ 300 ሜትር ማየት አለብህ ማለት ነው።

ወደ ጣርማ በር ዳገት ስንወስደው ነገሩ ይብሳል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ በባሕር ጠረፍ ከነበረው ጉልበት ሲሦው ገደማ ይጎድልበታል፤ አየሩ ሳስቷልና። እሱ በ20 አንተ ተጨንቀህ በ30 ከሄዳችሁ ያው 45 ሜትር 16 ሰከንድ ይፈጃል። ቁልቁል በ60 የሚመጣው በዚህ ጊዜ 270 ሜትር ይጨርሳል፣ አንተ 135። ከ400 ሜትር በላይ የሚታይ ቀጥ ያለ መንገድ ያስፈልግሃል፤ ዳገቱ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። 300 ሜትር ምን ያህል እንደሚመስል ዓይንህ ካላወቀው ሸኖና ጫጫ መካከል ሜዳው ላይ ቆመህ አንድ ዛፍ ምረጥ፣ ቆጣሪውን ዜሮ አድርገህ እስከዚያ ንዳ። አብዛኛው ሰው 150 ሜትሩን 300 ብሎ ነው የሚገምተው።

የሰው ፍሬቻ ማመን

የጭነት መኪና ሹፌር የቀኝ ፍሬቻ ሲያበራልህ «እለፍ» ማለቱ ነው ይባላል። ደግ ልማድ ነው፣ ብዙዎቹም ከልባቸው ያደርጉታል። ውድድር ላይ ቀርፋፋውን «ፈጣኑን አሳልፍ» እንደሚለው ሰማያዊ ባንዲራ መሆኑ ነው። ባንዲራውን የሚያውለበልበው ግን መንገዱ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። እዚህ ምልክቱን የሰጠህ ሰው ያየው ለራሱ ነው፤ የመኪናህን ጉልበት አያውቅም፣ ከኋላህ ማን እንዳለ አያውቅም፣ አምስት ሰው ጭነህ እንደምትንፏቀቅም አያውቅም። ምናልባትም «እለፍ» አላለህም፤ ዳር ይዞ ሊቆም ይሆናል። የግራው ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ «አትምጣ» ሲልበት ሌላው በእውነት ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው።

ፍሬቻውን እንደ ወሬ ውሰደው። ወሬ ሰምቶ ማጣራት ነው። ዓይንህ ካላየ አትውጣ።

ተሳቢ ኩርባ ላይ የሚከፍተው ወጥመድ

ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ቀኝ በጠባቡ ሲታጠፍ ፊቱን ወደ ግራ ያሰፋል፣ በቀኙ በኩል ቦታ የተከፈተ ይመስላል። የባጃጅ ልጆችና ሞተረኞች ይችን ይወዷታል። የተሳቢው የኋላ ጎማ ግን የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የተከፈተው ቦታ ከአፍታ በኋላ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለውን ከድንጋዩ ጋር ያጣብቀዋል። ሹፌሩ በስፖኪዮው አያየውም፤ ጋቢናው በዞረ ቁጥር ስፖኪዮው የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው።

ከዚሁ ጋር፣ «የውድድር መስመር» ብሎ ኩርባውን ከዳር ገብቶ መሐል በልቶ ዳር የሚወጣ ሰው አለ። ቴክኒኩ ትክክል ነው፤ ሙሉው መንገድ የራስህ ሲሆን። ጣርማ በር ላይ የራስህ ግማሹ ነው።

የፊተኛውን ተከትሎ መውጣት

አንዱ ሲያልፍ «እኔም» ብሎ ከኋላው መውጣት። የፊተኛው ያየው ለአንድ መኪና የሚበቃ መንገድ ነው፤ ቦታው ሲያልቅ እሱ ይገባል፣ አንተ ትቀራለህ።

ጎን ላይ ሆኖ ማርሽ መፈለግ

ማርሽ የሚቀነሰው ከመውጣት በፊት ነው። ጎን ለጎን ሆኖ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው ሞተሩን የሚያላቅቀው ጉልበት በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ሦስተኛ ላይ ከወጣህ በሦስተኛ ጨርስ፤ ሞተሩ ቢጮህ ይጩህ።

ዋሻው

ጣልያን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውስጡ መደረብ እንደማይቻል ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሰው የሚሳሳተው አፉ ላይ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገቡ ዓይን ለመልመድ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ በ60 ፍጥነት ሦስት ሰከንድ ማለት 50 ሜትር በጭፍን መሄድ ነው። ስለዚህ ከአፉ ሳትደርስ ፍጥነት ቀንስ፣ የፀሐይ መነጽርህን አውልቅ፣ አጭሩን መብራት አብራ። ረጅሙን አታብራ፤ የሚመጣውን አሳውረህ የምታተርፈው የለም።

ሲወጡም ሌላ ስህተት አለ። ሞናኮ ላይ ነጂዎች አብዝተው የሚተላለፉት ከዋሻው ወጥተው ፍሬን በሚይዙባት ሺኬን፣ ማለትም ፍጥነት በምታስቀንሰው የግራ ቀኝ ኩርባ ላይ ነው፤ ይህን ያየ ሰው ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጣም ብርሃኑን እንዳየ ይወጣል። ዓይኑ ግን ገና በብርሃኑ ተጨፍኗል፣ ውጪው ደግሞ ጉም ሊሆን ይችላል። በአንዱ አፍ ጠራራ ፀሐይ ይዘህ ገብተህ በሌላው አፍ ነጭ ግድግዳ ሊጠብቅህ ይችላል።

ጉም

በጉም አይደረብም። ይኼ ስለሚገባ አልፈዋለሁ። ፍጥነትን ግን ብዙ ሰው በስሜት ነው የሚወስነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በ60 የሚሄድ መኪና ለመቆም፣ ሰው እስኪደነግጥ የሚያልፈውን አንድ ሰከንድ ጨምሮ፣ 50 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በ40 ደግሞ 27 ገደማ። የሚታይህ 30 ሜትር ከሆነ 40 ጣሪያህ ነው። ረጅም መብራት ጉሙን እያበራ ወደ ራስህ ይመልሰዋል። አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መንዳት ደግሞ የቆምክ ያስመስላል፤ በተጨማሪም ፍሬቻ ልታሳይ ብትፈልግ ማንም አያይልህም።

ቁልቁለቱ፣ ወይም ፍሬን የሌለውን መኪና መቅደም

ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ መንገዱ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ይወርዳል። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ሸራው ይቃጠላል። በዘይት ፍሬን ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። በንፋስ ፍሬን ደግሞ ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፣ ሸራው ሊደርስበት የሚገፋው ዘንግ ርዝመቱ ያልቅበታል፤ ንፋሱ በሰዓቱ ላይ ሙሉ ሆኖ እያለ ፍሬን የለም። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ፣ ፍሬን ሞተር (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚይዘው) ካለህ ክፈት፣ ፍሬን ስትይዝ ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቅ፤ እየነካኩ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ዛሬም አለ፤ ስለ እሱ ምንም አልልም።

ለሚደርበው ሰው ጉዳዩ ምንድን ነው? ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና የተቃጠለ ሸራ ከሸተተህ ወይም ጎማው አካባቢ ጭስ ካየህ «ቶሎ ልቅደመው» ማለት ይመጣብሃል። ሲቀድሙት ግን ራስን ፍሬን በሌለው መኪና ፊት ማስቀመጥ ነው፤ የሚቀጥለው ኩርባ ላይ አንተ ፍሬን ስትይዝ እሱ አይይዝም። ወደኋላ ቅር፣ 100 ሜትርም ቢሆን ራቀው፣ ሊቆም ቦታ እስኪያገኝ ተወው። ደህና ከሆነው መኪናም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ካለፍክ በኋላ በስፖኪዮህ የፊት ሁለቱን መብራት ሳታይ አትግባ፤ ገብተህም ወዲያው ፍሬን አትያዝ። 400 ኩንታል የጫነ ሰው ያንተን ፍሬን አይቶ በአንተ ርቀት አይቆምም።

መመለስ እንደ ውርደት መቁጠር

ወጥተህ ጀምረህ የሚመጣ ካየህ፣ አፍንጫህ የጭነት መኪናውን ጋቢና ካልደረሰ ፍሬን ይዘህ ወደኋላ ግባ። የምትመለስበት ቦታ እንዲኖር ደግሞ ከኋላህ ያለው ሰው ክፍተቱን መሙላት የለበትም፤ ይኼን የሚሞላ ሰው ራሱ ሳይደርብ ሰው ያስገድላል። እየተቀደምክ ያለኸውም ብትሆን ፍጥነት አትጨምር፤ እግርህን አንሣና ቀኝህን ያዝ። እልህ ከተጋባህ ሦስት መኪና ነው የሚጋጨው።

ሜዳው ላይ

ሸዋ ሮቢት ከደረስክ በኋላ መንገዱ ይቀናል፣ ሞተሩም ወፍራም አየር አግኝቶ ይነቃል። ተራራ ሲያንፏቅቀው የዋለ ሹፌር እዚህ ይለቀዋል። ከብት፣ ግመልና ጋሪ መንገድ የሚያቋርጡት ግን እዚህ ነው። የመንጋው የመጀመሪያዋ ላም ካለፈች ቀሪዎቹ መከተላቸው አይቀርም፤ እረኛው የሚታየው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች ከበውት የቆመ አውቶቡስ ካለ፣ መንገደኛ ከፊቱ እንደሚወጣ ቁጠር። ከአውቶቡሱ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ፣ ከ20 በታች ውረድ፣ እግርህን ፍሬን ላይ አኑር፣ በአውቶቡሱ ሥር ደግሞ እግር እየሮጠ እንደሆነ ተመልከት፤ ሰውየው ከመታየቱ በፊት ጫማው ይታያል።